የምርቃቷ ቀሚስ ልክ

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ስፌት ቤቱ ሥራ አላጣም፤ ባለቤቴም ወገቡን ተሽሎታል።

እንደምታውቂው ልጄ ልትመረቅ ነው። ኮሌጅ በገባች ቀን ፍራሿን ተሸክሜ ደረጃውን የወጣሁት፣ አልጋዋን ያነጠፍኩትም እኔ ነበርኩ። አንቺ ለግቢው ቅርብ ስለሆንሽ "አደራ፣ ዓይንሽ አይለያት" አልኩሽ። አደራዬን በላሽ አልልም፤ እንዲያውም አብዝተሽዋል። የታመመች ጊዜ የተኛችው አንቺ ቤት ነው። እኔ የሰማሁት ከዳነች በኋላ ነው። "እማዬ፣ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው" አለችኝ።

ሰሞኑን የምርቃቷን ቀሚስ ልሰፋ ብዬ ልኳን በስልክ ጠየቅኳት። "አክስቴን ጠይቂያት፣ እሷ ታውቀዋለች" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የሰፈሩን ሴት ሁሉ በዓይኔ ለክቼ የምሰፋ ሰው፣ የልጄን ልክ ከሰው ልጠይቅ ነው።

እንግዲህ ደረቷን፣ ወገቧንና ቁመቷን ለክተሽ ላኪልኝ። አንቺም ቀሚስ ገዝተሽላት ከሆነ ለሌላ ቀን ይሁናት። የምርቃቱ ዕለት በጠዋት እደርሳለሁ፤ የማለብሳት እኔ ነኝ። አንቺ ፎቶ ታነሺናለሽ።

እስከዚያው ጤናሽ ይብዛ፣ ቤትሽ ይሙላ።

ታላቅ እህትሽ፣
እናቷ