ሚጥሚጣ ስለምታበላው ቡችላ

ይድረስ ለወንድሜ ለኦላና፤ መቱ ከተማ።

እንደምን ከርመሃል? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? አንተስ ጨጓራህ እንዴት ነው? ሚስትህ ወለተማርያም ወገቧን ተሻላት ወይ? ልጅህ ፌናን በትምህርቷ እንዴት ናት? ትንሹ አብኔዘርስ ሳሉ ለቀቀው ወይ? እኔ በፈጣሪ ቸርነት አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፤ የደረሰኝ ኮንዶሚኒየም ግን ምድር ቤት ስለሆነ ከደረጃ ጋር አልተጣላንም። አራብሳ እንደምታውቀው ነው፤ ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ትመጣለች፣ ሚኒባስ ጠዋት አይገኝም፣ ሰው ግን ይበዛል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። "እታለሜ" ብለህ ጀምረሃል። እታለሜ ካልከኝ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖሃል፤ ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው መስመር አንድ ነገር ፈልገህ እንደሆነ ገባኝ። ይህኛው በገዛ እጄ የጻፍኩልህ የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። የፊተኞቹን የጎረቤት ልጆች ናቸው የጻፉልኝ። በስድሳ ዓመቴ የማታ ትምህርት ገብቼ፣ ልጄ ልትሆን የምትችል አስተማሪ ፊት ተቀምጬ ፊደል ቆጥሬያለሁ። አንተ በስድስት ዓመትህ ነው ትምህርት ቤት የተላክኸው፤ አዝዬ የማደርስህም እኔ ነበርኩ። የጻፍከውን አንብቤ ስጨርስ፣ ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ አዝዬህ ኖሯል አልኩ። ለምን አልደወልሽም ትል ይሆናል። በስልክ ነገር ስጀምርልህ "እቴ፣ ደንበኛ መጣ" ብለህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት አይዘጋም።

እንግዲህ ጥያቄህ ይህ ነው። ሱቅህን እንዲጠብቅልህ የፈረንጅ ዘር ቡችላ ገዛህ። ሁለት ወሩ ነው። ሌት ተቀን ያለቅሳል፣ አይበላም፣ ሰው ሲመጣ ከመጮህ ይልቅ ይሸናል። ኃይለኛ እንዲሆን ብለህ ሚስማር የመጣበት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ቀን ቀን ትዘጋበታለህ፤ ሚጥሚጣም በእንጀራ እየጠቀለልክ ታጎርሰዋለህ። "አባባ ያደርግ እንደነበረው" ብለሃል። እስከ ሆሳዕና ካልተሻሻለ ከሶር ድልድይ ማዶ ወስጄ እጥለዋለሁ፣ አንቺ ውሻ ታውቂያለሽና ምከሪኝ ብለሃል።

በመጀመሪያ ሟች ላይ አትዋሽ። አባባ ውሻችንን ዳለቻን ያሳደገው በጋቢው ውስጥ ነው። ቡችላ ሳለ ቂጣውን በጥርሱ አላምጦ ነበር የሚሰጠው። ሚጥሚጣ ያበላ የነበረው ጎረቤታችን ቀጀላ ነው። ያ ውሻ መጨረሻው ምን ሆነ? የቀጀላን የራሱን ልጅ ጭኗን ዘነጠላት። አንተ የአባትህን ውሻና የጎረቤትህን ውሻ እንኳ ለይተህ አታስታውስም። በዚህ ጭንቅላት ስንት ሰው ዱቤ እንደወሰደብህ እንዴት እንደምታውቅ ይገርመኛል።

ሚጥሚጣ ውሻን አያጀግንም፤ ሆዱን ያቃጥለዋል። ሆዱ የሚቃጠል ፍጡር ሌባና እንግዳ አይለይም። እስቲ አንተ በባዶ ሆድህ አንድ ማንኪያ ዋጥና ለደንበኞችህ ምን ዓይነት ፊት እንደምታሳያቸው ተመልከት። ሳጥኑም እንደዚያው ነው። ሰው ያላየ ቡችላ አድጎ ሰውን ሁሉ ይፈራል። የፈራ ውሻ የሚነክሰው ደግሞ ሌባውን አይደለም፤ አጠገቡ ያለውን ነው። አጠገቡ ያለችው ፌናን ናት። ሱቅ ይጠብቅ ማለትህንስ ምን ልበለው? አብኔዘርን በሁለት ወሩ ሱቅ ጠብቅ ብለኸው ነበር ወይ?

ወለተማርያም በሁዳዴ ከቤቴ የሥጋ ሽታ አይወጣም ብላ ለቡችላው ድርቆሽ በውኃ እያራሰች እንደምትሰጠው ጽፈሃል። ጾሟን ይቀበልላት። ቡችላው ግን የንስሐ አባት የለውም። ጾም የኃጢአት መድኃኒት ነው፤ እሱ ኃጢአት የለበትም፤ ኃጢአቱም ጾሙም የእናንተ ነው። ለእሱ የብቻ ድስት ግዛለትና ደጅ ጉልቻ ጣልለት፤ ያን ጊዜ የወለተማርያም ሽሮ አይረክስም። ሙስሊም ሥጋ ቤት በሁዳዴም ክፍት ነው። ሳንባም ቢሆን ቁርጥራጭ ሥጋም ቢሆን ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ ቀቅለህ፣ ከሩዝ ጋር ለውሰህ በቀን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ አብላው። ንጹሕ ውኃ ከአጠገቡ አይጥፋ። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ቸር ልሁን ብለህ የዶሮ አጥንት እንዳትወረውርለት፤ እየተሰነጠቀ ጉሮሮውን ይወጋዋል። አንተ ቸር የምትሆነው ሁልጊዜ በሚጎዳ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው እንዳትል፣ የምሠራበትን ልንገርህ። ሰሚት አንድ ቪላ ውስጥ ሁለት ውሾች እጠብቃለሁ። ባልየው ኤርፖርት ጭነት ክፍል ነው፤ የቤቱ እመቤት ጸደንያ ትባላለች። ውሾቿን በእንግሊዝኛ ነው የምታናግራቸው፤ ሁለቱም የተወለዱት ግን ኮተቤ ነው። ባለፈው ለአንዱ ልደት ኬክ አስጋግራ ቆብ አደረገችለት፤ ውሻው ቆቡን በላው። አንድ ቀን ስልኳን ዘርግታ "እማማ ደሪቱ፣ ውሻ ብቻውን ከሆነ ይጨነቃል ይላል እዚህ ጋ፤ በቀን ግማሽ ሰዓት አብረውት ቁጭ ይበሉ" አለችኝ። አንቺስ ብላት፣ "እኔማ ስብሰባ አለብኝ" አለች። ገንዘብ ከፍላ ውሻ ገዛች፣ ገንዘብ ከፍላ የውሻውን ጓደኛ ቀጠረች፤ ለእሷ የቀራት ፎቶ ማንሳት ብቻ ነው።

እንዲያም ሆኖ ከአንተ ትሻላለች፤ ቢያንስ ታስከትባለች። ሦስት ወር ሲሞላው የእንስሳት ሐኪም ጋ ወስደህ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወጋው። የሆድ ትል መድኃኒት ግን አሁኑኑ አሰጠው። የክትባት ካርድ ይሰጡሃል፤ የሚቀጥለውን ቀን አንብበህ በጊዜው አሳድስ። ጸደንያ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ከትታ ረስታው ነበር። ጊዜው ካለፈ ሦስት ወር እንደሆነው አንብቤ የነገርኳት እኔ ነኝ። "ማንበብ ይችላሉ እንዴ?" አለችኝ። ውሻዋ ሳይከተብ መክረሙ አላስደነገጣትም፤ ያስደነገጣት የእኔ ማንበብ ነው። ውሻ ቢነክሳችሁ ወይም ቢቧጭራችሁ ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወለተማርያም ጸበል እንሂድ ትልሃለች። ጸበሉ የትም አይሄድም፤ መርፌው ይቅደም።

ማልቀሱን ስለጠየቅኸኝ፣ ከእናቱ ጉያ ነጥቀህ ጨለማ ውስጥ ስለከተትከው ነው የሚያለቅሰው። ለዚህም ምክር ያስፈልግሃል? ሃይላንድ ውስጥ ሞቅ ያለ ውኃ ሙላና በአሮጌ ሹራብህ ጠቅልለህ አጠገቡ አስቀምጥለት። ሹራቡ ያልታጠበ ይሁን። ሽታህን ይልመደው፤ ምንም እንኳ የሚያኮራ ሽታ ባይሆን። የሚተኛበትን ማዳበሪያ በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ አስጣው፤ ቁንጫ ፀሐይ አይወድም። ቤት ውስጥ ሲሸና አትምታው። በልቶ እንደጨረሰ ደጅ አውጣው፣ እዚያ ሲሸና አመስግነው። አንተ ማመስገን ስለማይሆንልህ ፌናን ታመስግንልህ። ክትባቱን ሲጨርስ ጠዋት ሱቅህን ሳትከፍት ይዘኸው ወጣ በል፤ የሚያሸተውን ያሽትት፣ አትጎትተው። ሲበላ ልጆቹ እጃቸውን አይስደዱበት። የሚጠብቅህ ስለፈራህ አይደለም፤ ቤቱን የእኔ ነው ሲል ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚባለው ለዚህ ነው። ባልበላበት ለምን ይጩህልህ?

አናግረውም። ለብረትና ለሲሚንቶ ደላላ ስትለፈልፍ ትውላለህና ሁለት ቃል አያንስህም። አባባ ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ዳለቻን ሳይሰናበተው ከግቢ አይወጣም ነበር። "ገበያ ሄጃለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ፤ ቤቱን አደራ" ይለው ነበር። ሰው ቢስቅበትም አይተውም። ውሻው ቃሉን አያውቅም፤ ድምፁን ግን ያውቃል። የተነገረው ውሻ ተኝቶ ይጠብቃል። ያልተነገረው ቆሞ ይጠብቃል።

አሁን የዳለቻን ነገር ልንገርህ። እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ አዝኜልህ አይደለም። በጎረቤት ልጅ እጅ ማስጻፍ ስላፈርኩበት ነው፤ ያች ልጅ ወንድሜ ማን እንደሆነ እንድታውቅ አልፈለግሁም። አሁን እጄ የራሴ ነው።

እዚሁ አራብሳ የነበረው መንደራችን ለኮንዶሚኒየሙ የተነሣ ጊዜ እኔ እማዬን ይዤ ሆስፒታል ነበርኩ። አንተ አይሱዙ ተከራይተህ ዕቃውን ጫንክ። ቆርቆሮውን ነቅለህ ወሰድክ። የበሩን መቃን ወሰድክ። ከብቶቹ ውኃ የሚጠጡበትን ገንዳ እንኳ አልተውክም። ስልክ ደውዬ ዳለቻስ ስልህ "ፈትቼ ለቀቅሁት፤ ከመንደሩ ውሾች ጋር ሄደ" አልከኝ። አመንኩህ።

በአምስተኛው ቀን ሄድኩ። ሁሉም ሜዳ ሆኗል። ግራሩ ብቻውን ቆሟል፤ ዳለቻ ከግራሩ ጋር በአባባ ጠፍር እንደታሰረ ነበር። በዙሪያው ያለው አፈር በሙሉ ተገልብጧል፤ ግራሩና እሱ ያሉበት አንድ ጎጆ የምታህል ቦታ ግን አልተነካችም። የዶዘሩ ሾፌር ያሕያ የሚባል የወሎ ሰው ነው። "እትዬ፣ የታሰረ ፍጡር ላይ ማሽን አልነዳም ብዬ ከአለቃዬ ጋር ተጣላሁ" አለኝ። ልፍታው ብሎ ሲጠጋ አንገቱ ስለቆሰለ አላስነካም አለው። አራት ቀን በቆቡ ውኃ ሲያስጠጋለት፣ ምሳውን በዱላ ጫፍ ሲገፋለት ከረመ። አንተ ያሕያን አታውቀውም። እሱ ግን ያውቅሃል።

ጠፍሩ አንገቱን በልቶት ነበር። ሁለት ወር አከምኩት፤ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብሮኝ ኖረ። አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ይነሣ ነበር። እስከ አስፋልቱ ይሮጥና ሾፌሩን አይቶ ይመለሳል። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልሰለቸውም። እኔ አንተን መጠበቅ ያቆምኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሲሞት ከሕንፃው ጀርባ ቀበርኩት። በገዛ መሬታችን ላይ ለአንድ ውሻ መቅበሪያ ጥበቃውን መለመን ነበረብኝ። እንግዲህ ውሻ ታውቂያለሽ ያልከኝ በዚህ ነው፤ አንተ ከጣልከው ነው የተማርኩት። ደግሞ አሁን ሁለተኛውን ከድልድይ ማዶ እጥላለሁ ብለህ ትጽፍልኛለህ።

ያሕያ አሁን አይሱዙ ይነዳል፤ ጎረቤቴም ሆኗል። ይህን ደብዳቤ ከአንድ ባዶ ካርቶን ጋር የሚሰጥህ እሱ ነው። ጭነቱን አራግፎ ቅዳሜ ጠዋት ሲመለስ ሱቅህ ድረስ መጥቶ ቡችላውን ያያል። ሳጥኑ ከተሰበረ፣ ሚጥሚጣው ከቀረ፣ ቡችላው ከፌናን እግር ሥር ከተኛ ሻይህን ጠጥቶ ይሄዳል። ከዚህ አንዱ ከጎደለ ቡችላውን ካርቶኑ ውስጥ አድርገህ ስጠው። "ልብሴን ከላሰኝ ሰባት ጊዜ ማጠብ ነው እትዬ፤ ሰባቱንም የሚያጥቡልኝ እርስዎ ነዎት" ብሎኛል። እሺ ብያለሁ። እኔ ዘንድ ማዳበሪያ አንጥፌያለሁ፤ ከመጣ ለአንድ ቡችላ የሚሆን ቦታ አላጣም። ከእሱ ጋር ሰበብ እንዳትፈጥር፤ ሰበብህን አራት ቀን በቆቡ ውኃ ሲያጠጣ ከርሟል።

ካርቶኑ ሥር አንድ ጠፍር ታገኛለህ። ያ ጠፍር ነው፤ ጸጉሩ እንኳ አልለቀቀውም። ለቡችላው ማሰሪያ አይደለም። ቡችላውን ካስቀረህ ጠፍሩን ለያሕያ መልሰህ ስጠው። ቡችላውን ከሰጠኸው ጠፍሩን አንተ አስቀረውና ሱቅህ በር ላይ ስቀለው። ሁለቱ አንድ ቤት አይኖሩም።

ለወለተማርያም የከበረ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ወገቧን በሞቀ ጨው ታስተኩሰው። አብኔዘርን በሁለት ጉንጩ ሳምልኝ። ፌናንን ግንባሯን ሳምልኝና፣ ቡችላው ቢሄድ የሄደው ወደ አክስቷ እንደሆነ ንገራት፤ ስለ ድልድዩ እንዳትሰማ። ለቡችላውም ሰላምታ አቅርብልኝ፤ ስም ስላላወጣህለት በስሙ መጥራት አልቻልኩም። አንተም ደህና ሁን፤ ሱቅ ልትከፍት ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድ ንገረው።

እህትህ ደሪቱ
ቦሌ አራብሳ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.