አንድ ሰዓት ያልጠበቀው ማስጠንቀቂያ

ዶክተር ራይሞ አላኮርቫ ከአባታቸው ከአቶ ኤቱ አላኮርቫ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሂልማ ኩሴላ መጋቢት 9 ቀን 1951 እ.ኤ.አ. በሰሜን ፊንላንድ፣ በሶዳንኪላ ተወለዱ። አባታቸው፣ የእኔም የታናሽ እህታቸው አባት፣ የምድር መግነጢስ የሚለካባቸውን ቤቶች የሚሠሩ አናጺ ነበሩ፤ ብረት መለኪያውን ስለሚያሳስት አንድም ሚስማር ሳይመቱ በእንጨት ችንካር ብቻ ያጋጥሙ ነበር። ራይሞም ምሳ ሲያደርሱላቸው ቀበቶአቸውን ከነዘለበቱ በር ላይ ፈትተው፣ ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር የሚገቡት።

ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው ጀምረው በ1981 በኦውሉ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ። ሥራቸው ከፀሐይ የሚነሣ ኃይለኛ ማዕበል የምድርን መግነጢሳዊ ጋሻ ምን እንደሚያደርገው በኮምፒውተር አስቀድሞ ማስላት ነበር። ማዕበሉ የተሸከመው መግነጢስ ወደ ደቡብ ከዞረ ጋሻውን ይከፍታል፣ የመብራት መስመርም ያቃጥላል፤ ወደ ሰሜን ከዞረ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ያልፋል። የትኛው እንደሆነ በእርግጥ የሚታወቀው ሊደርስ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው።

በ1979 ከመምህርት ሲርካ ጋር ተጋብተው ልጃቸውን ፓይቪን ወለዱ። በቤታቸው ዝምተኛ፣ ካርታ ሲጫወቱ ግን ዓይን ያወጡ አጭበርባሪ ነበሩ።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሟችን መልካሙን ብቻ ያወሳል። እኔ ታናሽ እህታቸው ኢርማም እንደዚያው ልጽፍ ነበር። እርሳቸው ግን ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ፣ "የአውኔን ነገር ዘለሽ ብታነቢ ከሳጥኔ ተነሥቼ አርምሻለሁ" አሉኝ። ስለዚህ አልዘልም።

በጥር 2002 ታላቅ ማዕበል ተነሣ። ስሌታቸው ደቡብ አለ። ያችን አንድ ሰዓት ብጠብቅ መስመሩን በወጉ ለማጥፋት ጊዜ አይበቃም ብለው ማስጠንቀቂያውን ብቻቸውን ፈረሙ፤ የወረዳው መብራት ጠፋ። ማዕበሉ ሰሜን ሆኖ ምንም ሳይነካ አለፈ። ጎረቤታችን ወይዘሮ አውኔ ሙስቶላ የሚተነፍሱት በመብራት በሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ ነበር። መብራቱ ሲመለስ ሞተው ተገኙ። አንድ የሥራ ባልደረባቸው "ራይሞ፣ በሕግ እኮ ጥፋተኛ አይደለህም" ቢሏቸው፣ "ሕጉን መች ጠየቅኩህ?" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ዓመት ያንኑ ማዕበል ደግመው ደጋግመው አሰሉ። አቅጣጫውን ቀድሞ በእርግጥ የሚያውቅ ስሌት አላገኙም። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ለአውኔ ልጅ ለቬይኮ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ አንድም መልስ አልመጣም። ወንድሜ በዚህ አንጀታቸው አርሮ ኖሯል፤ ሳያቸው እኔም አልቅሻለሁ።

በቆሽት ካንሰር ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2025 በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማስላት በማያስፈልግበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ የወይዘሮ አውኔንም እንዲሁ።

ሳጥኑን የሚሸከሙት ስድስት ናቸው። ራይሞ አምስቱን ስም በእጃቸው ጽፈው፣ በስድስተኛው ላይ "ቬይኮ፣ ከመጣ" ብለዋል። መልእክቱ ለአቶ ቬይኮ ደርሷቸዋል። መዝሙሩ እስኪያልቅ ቦታውን ክፍት አድርገን እንጠብቃለን። ካልመጡ እኔ እሸከማለሁ።