በዳምጠው ፈንታ

ኅዳር 2

ሦስት ሰዓት ላይ ከፈትኩ። ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ደህና። ሦስተኛው እንደ ልማዱ ካልተመታ አይበራም። መታሁት፣ በራ።

የጌም ቤቱ ባለቤት ኸይረዲን ብቅ ብሎ፣ "ጋሽ ከፌ፣ ልጆቹን አታስፈራራቸው፣ ደንበኛ ናቸው" ብሎኝ ሄደ። መቼ አስፈራራሁ? ፊቴ ነው እንዲህ ተደርጎ የተሠራው።

ሃያ ሁለት ዓመት ጥበቃ ሠርቼ አሁን ዲላ ውስጥ የፕሌይስቴሽን ጠባቂ። ተረኛ መዝገብ መጻፍ ስለለመደብኝ ይኸው ደብተር ገዝቼ ውሎዬን እጽፋለሁ። ለማን ነው የማስረክበው? ለማንም።

ኅዳር 5

አዲስ ደንበኛ። ሩቂያ ትባላለች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከደሴ ነው የመጣችው። ወንዶቹ ሁሉ ኳስ ላይ ሲጮሁ እሷ ሦስተኛው ቴሌቪዥን ጋ ሄዳ፣ እንደ እኔ መትታ አበራችው። ወደድኳት።

ጨዋታዋ ግን ሌላ ነው። የጥንት ጃፓን አገር። ግንብ፣ የወረቀት በር፣ ጣሪያው ጫፍ ጫፉ የተቆለመመ ቤት። ጥቁር ተጠቅልሎ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ሰው።

"ሌባ ነው?"

"ኒንጃ ነው ጋሼ! ሳይታይ ገብቶ ሳይታይ ይወጣል።"

ሌባ ነዋ። ሣር ውስጥ ይተኛል፣ ከጣሪያ ጣሪያ ይሄዳል። ዘበኛው ጦሩን ይዞ ወዲህ ወዲያ ሲል ከኋላው መጥቶ አፉን ያፍነዋል... ከዚያ ጎትቶ ሣር ውስጥ። ልጆቹ ከየወንበራቸው ዞረው "ዘበኛው ፋራ!" እያሉ ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ፋራ አይደለም። ፊቱን ያዞረው ተረኛ ስለሆነ ነው፣ በዚያ በኩልም መጠበቅ አለበት።

ኅዳር 6

ዛሬም መጣች። አላየሁም።

ማለት... አየሁ። ሰባት ዘበኛ ጣለች።

ኅዳር 9

ዛሬ ጨዋታው ላይ አዲስ ሚሽን አላት፣ ግዳጅ ማለት ነው። ጭጋግ ያለበት። ወንዝ፣ ድልድይ፣ ሁለት ዘበኞች፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች። የታችኛውን ጣለችው። የላይኛው በዚያ በማይገባኝ ቋንቋ ተጣራ። መልስ የለም። እንደገና ተጣራ። ከዚያ የሆነ ነገር አጉረመረመና ወደ ቦታው ተመለሰ።

"ምን አለ?" አልኳት። ከታች በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ እሷ ታነባለች።

"'ተኝቶ ይሆናል' አለ። ሲያስቅ!"

የያዝኩት ሻይ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ኸይረዲን "አመመህ እንዴ?" ሲለኝ አዎ ብዬ ወጣሁ።

እዚያ ጃፓን ያለ ሰው የእኔን ቃል ከየት አገኘው?

ኅዳር 10

ደብተር ነው፣ አንባቢ የለውም። ይጻፍ።

ስድስት ዓመት ሆነው። ወርቃ በምትባል ቦታ፣ አንድ ቡና ማጠቢያ ውስጥ፣ እኔና ዳምጠው። እኔ በሩ ላይ፣ እሱ ታች ወንዙ አጠገብ፣ ማድረቂያ አልጋዎቹ የሚያልቁበት። በመኸር ጊዜ ንጋት ላይ ጭጋግ ይወርዳል፣ የገዛ እጅህን አታይም። ስለዚህ በየሰዓቱ እኔ የተንጠለጠለውን ብረት እመታለሁ፣ እሱ ሁለቴ ያፏጫል። ሥራ አስኪያጁ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል። ፉጨት ከሌለ ዘበኛው ተኝቷል ማለት ነው።

ዳምጠው እንቅልፋም ነበር። ነፍሱን ይማረውና ቆሞም ይተኛል። ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል፣ ሦስተኛው ስንብት። አራት ልጆች። እና እንቅልፍ ሲጥለው እኔ ከመጋዘኑ ጀርባ ሄጄ በእሱ ፈንታ አፏጫለሁ። እሱም እኔን ወባ ሲጥለኝ ብረቱን መትቶልኛል። ጓደኛውን የማይሸፍን ዘበኛ ምኑን ሰው ነው?

ያን ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መታሁ። ዝም። ተኝቶ ይሆናል አልኩና አፏጨሁለት። አንድ ሰዓት ላይም ዝም። አፏጨሁ። ሁለት ሰዓት ላይም። በሦስተኛው ጊዜ ተናደድኩ፣ ዛሬስ አበዛው ብዬ ሰደብኩት።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጭጋጉ ሲገፈፍ ወረድኩ። ማድረቂያ አልጋው ሥር ወድቋል። ጭንቅላቱን በዱላ ብለውታል፣ ቡናውን ጭነው ሄደዋል። እየተነፈሰ ነበር። እየተነፈሰ! ጤና ጣቢያው በር ላይ አለፈ። ነርሱ ጎተት አድርጎኝ፣ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ኖሮ..." አለኝ። ለእኔ ብቻ ነው ያለው።

ፖሊስ ጠየቀኝ፣ እስከ ሁለት ሰዓት አፏጭቷል አልኩ። ሚስቱ አልጋነሽ ጠየቀችኝ፣ አፏጭቷል አልኳት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። እኔ ከዚያ በኋላም አልጮህኩም።

ኅዳር 12

ጠዋት ከተማውን ጭጋግ ሸፍኖት ነበር። መነኸሪያው ጋ አንዱ ረዳት ለጓደኛው ሁለቴ አፏጨ። ቆሜ ቀረሁ። ሳላስበው ከንፈሬ ሾሎ ነበር... ልመልስለት።

ያበድኩ እንደሆነስ?

ኅዳር 13

አልጋነሽ ደወለች። የሙት ዓመቱ ኅዳር 22 ነው።

"ትመጣለህ አይደል ከፌ? እንደ ሁልጊዜው ትነግራቸዋለህ።"

በየዓመቱ ይኸው ነው። ቤቱ ሲሞላ ተነስቼ እናገራለሁ፦ አባታችሁ እስከ መጨረሻው ተረኛ ነበር፣ ሦስት ጊዜ አፏጨልኝ። ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ ደስም ይላቸዋል። አምስት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። አሁንማ እኔም ልሰማው ነው የሚቃጣኝ፣ ያ የሌለ ፉጨት።

እመጣለሁ አልኳት።

ኅዳር 16

ሩቂያን ጠየቅኋት። ያ የላይኛው ዘበኛ "ተኝቶ ይሆናል" ከማለት ወርዶ ቢያይስ?

"ካየማ አለቀልኝ! ደወል ይመታል፣ ግቢው በሙሉ ይነቃል፣ ሚሽኑ ተበላሸ። እሱ ሰነፍ ስለሆነ እኮ ነው እኔ የማልፈው ጋሼ።"

"ሰነፍ ላይሆን ይችላል። ለጓደኛው አዝኖ ቢሆንስ?"

ትክ ብላ አየችኝና ጆይስቲኩን ሰጠችኝ። "እስቲ ሞክረው።"

ጣቴ አይታዘዝም፣ ኒንጃው ከግድግዳ ጋር ሲላተም ሁለት ጊዜ ወንዝ ገባ። በመጨረሻ ድልድዩ ላይ አወጣሁት። ሣሩ ውስጥ ክተተው ስትለኝ አልከተትኩትም። በቀጥታ ወስጄ ዘበኛው ፊት አቆምኩት። ዘበኛው ጮኸ፣ ደወሉ ተደወለ፣ ከየቤቱ ሰው በሰው ላይ ወጣ። እኔን እዚያው ገደሉኝ።

"ጋሼ አቦ! ራስህን እኮ አስያዝክ!"

ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ጭስ ገባብኝ አልኳት። ምን ጭስ አለ እዚህ?

ኅዳር 19

ልናገር? ብናገር ልጆቹ ያላቸውን አንድ ነገር ነው የምወስድባቸው። ዝም ብል... ሆድ ይፍጀው እንዳልል ሆዴ ራሱ አልቋል።

ለእነሱ ነው ወይስ ለራሴ ነው የምፈራው? ለራሴ ነው። አልጋነሽ በሩን ብትዘጋብኝ የት እሄዳለሁ? ከእነሱ ሌላ ዘመድ የለኝም።

ኅዳር 23

ትናንት ወርቃ። እስከ ገደብ ከተማ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር። ባለሞተሩ ልጅ ጋልቦ ጋልቦ ወገቤን ጨረሰው።

ቤቱ ሞልቷል። ጎረቤት፣ የድሮ የማጠቢያ ሠራተኞች፣ አራቱም ልጆች። ትልቋ ሙሉወርቅ ነርሲንግ እየተማረች ነው፣ ለዚሁ ብላ ፈቃድ ጠይቃ መጥታለች። ከተበላ በኋላ አልጋነሽ "ከፌ፣ ንገራቸው እስቲ" አለች።

ተነሳሁ። "አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብረቱን መታሁ" አልኩ። እዚህ ላይ ነው "አፏጨልኝ" የምለው። "አላፏጨም። እኔ ነኝ ያፏጨሁት" አልኩ። አንዴ ከወጣ በኋላ የቀረውም ሁሉ ተከተለ። ሦስቱ ጊዜ፣ ስድቤ፣ ነርሱ ያለኝ።

አንድ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ "ምን አለ?" አሉ።

አልጋነሽ መሬት መሬት እያየች፣ "አውቃለሁ" አለች።

አውቃለሁ!

"ያን ቀን ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። ፉጨቱን ሰማሁት። ዳምጠው መጨረሻው ላይ ከፍ ያደርገዋል፣ አንተ ትጥለዋለህ። የከፌ ነው፣ ያ እንቅልፋም ዛሬም ተኛ አልኩ። ሳቅሁ እኮ... እየሳቅሁ ጀሪካኔን አዝዬ ወጣሁ። ከወንዙ እስከ ማድረቂያ አልጋው ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ሄጄ ልቀስቅሰው አላልኩም።"

"ታዲያ ለምን በየዓመቱ ንገር ትይኛለሽ?"

"አንተ ስትናገር እኔም እናገራለሁ ብዬ። ብቻዬን አቃተኝ።"

ስድስት ዓመት። እኔ ከእሷ ስደብቅ፣ እሷ እኔን ስትጠብቅ።

ከዚያ ሙሉወርቅ ትጠይቀኝ ጀመር። አላለቀሰችም። "ስታገኘው እየተነፈሰ ነበር?" አዎ። "ደም ይፈስሰው ነበር?" አዎ። "ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ተኩል" አለች፣ ለራሷ። አንዴ እናቷን አየች፣ አንዴ እኔን። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ማንም አልተከተላትም።

ቀለለኝ ልበል? አልቀለለኝም። አፈርኩ። ግን ስመለስ ሞተሩ ላይ እንቅልፍ ሊጥለኝ ነበር፣ ባለሞተሩ ልጅ "አባ፣ ያዙኝ!" እያለ እስኪጮህ።

ታኅሣሥ 1

ሩቂያ ኒንጃዋን ጨርሳ ኳስ ጀመረች። አምስት ለዜሮ ተሸንፋ ዳኛውን ስትሰድብ ዋለች።

ከሰዓት አልጋነሽ ደወለች። ሙሉወርቅ ወደ ትምህርቷ ተመልሳለች። የእናቷን ስልክ አታነሳም፣ የእኔንም። ታናናሾቿን ብቻ ታናግራለች።

"ትመለስ ይሆን?" አልኳት።

"እኛ አፋችንን ለመክፈት ስድስት ዓመት ፈጀብን። እሷን አሥር ቀን ሳይሞላ ነው?"

ከዚያ፣ ዳምጠው ከወደቀበት አጠገብ ካለው ከታችኛው መቅጃ ትናንት ውሃ ቀዳሁ አለችኝ። እሱ ከሞተ ጀምሮ በላይኛው በኩል ነበር የምትዞረው፣ አንድ ሰዓት መንገድ። ይህንን አላውቅም ነበር። ስንቱን አላውቅም? ጀሪካኔን ሞልቼ ወጣሁ አለች።

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ኸይረዲንን እሁድ አልገባም አልኩት። "የሙት ዓመቱ አላለፈም እንዴ?" አለኝ። አልፏል።

እሁድ ወርቃ እሄዳለሁ። የጠራኝ የለም።