ማተብሽ የወደቀበት ሣር

ስቶክዌል፣ ለንደን
መጋቢት 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ልጄ ዳናዊት፣

ለነፍስ አባቴ እንኳ ነግሬ የማላውቀውን ነገር ዛሬ ላንቺ እጽፋለሁ። አባትሽ እስኪሞት ድረስ ሊያነጋግርሽ እንቢ ያለው ዐብዱን ስላገባሽ አይደለም። ማተብሽን በገዛ እጅሽ የበጠስሽ መስሎት ነው። እንደዚያ ብዬ የነገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጤናሽን ሳልጠይቅ ወደዚህ በመግባቴ አትቀየሚኝ። ሰላምታውን ካስቀደምኩ እንደ ሌላ ጊዜው በሰላምታ ብቻ ያልቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። እንዴት ነሽ? ሜልቦርን መሆንሽን ከውብነሽ ልጅ ከቲጂ ሰምቻለሁ። ሙቀቱ ተስማማሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ያን እሑድ መቼም አትረሺውም። የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ካለፈ ዓመት ቢሞላውም ሰዉ ገና ከዚያ ወሬ አልወጣም ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ፓርኩ ውስጥ ምሳችንን ዘርግተን፣ አባትሽና ጓደኞቹ እየተጯጯኹ ይከራከራሉ። አንቺ ትልቁ ዛፍ ሥር ወሰድሽኝና «እማዬ፣ ዐብዱን ላገባው ነው» አልሽኝ።

«ማተብሽን አውልቀሽ?» አልኩሽ።

«ማን አውልቂ አለኝ? እሱ እንኳ አላለኝም!»

እውነትሽን ነበር። እኔ ግን ሰምቼ አልሰማሁም። ክሩን ከአንገትሽ ላይ ይዤ ሳብኩት። ሲበጠስ ቆዳሽ ላይ ቀይ መስመር ቀረ። ክሩ ላይ የነበረውን የብር መስቀል ሣሩ ውስጥ ወረወርኩት። ጎንበስ ብለሽ ጥቂት ፈለግሽ፤ ከዚያ ተውሽውና ወደ ባስ ስቶፑ ሄድሽ።

ማታ ልብስሽን ልትወስጂ ስትመጪ አባትሽ ባዶ አንገትሽን አየ። አንቺ ከወጣሽ በኋላ «ማተቧን ማን በጠሰው?» ብሎ ጠየቀኝ። «በጠስኩት» ማለት ነበረብኝ። አፌ «በጠሰችው» አለ። የተለየው የቃሉ ጭራ ብቻ ነው።

እሱም «ብታገባው ታግባው፤ ልጁ ጨዋ ነው» አለኝ። «የእናቴ መስቀል ግን ምን አደረጋት?»

በነጋታው ለማኅበርተኛዬ ለውብነሽም ያንኑ ነገርኳት። ውብነሽ ያወቀችውን ማኅበርተኛው ሁሉ እንደሚያውቀው ታውቂያለሽ። ከዚያ በኋላ አንቺ ስትደውዪ አባትሽ ተነስቶ ኪችን ይገባ ነበር፤ በሩን ግን አይዘጋውም። ሆስፒታል ተኝቶ «ዳናዊት ናት፣ አናግራት» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ስልኩን ይዤ መሃል ቆምኩ። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ለቀብሩ መጥተሽ ሴቶቹ ፊታቸውን ሲያዞሩብሽም አየሁ፤ ለምን እንደሆነ ሳታውቂ ከኋላ ብቻሽን ቆመሽ አለቀስሽ። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም፤ አልፈርድብሽም።

ባዶ እጄን መናገር አቃተኝ። መስቀሉን ካገኘሁ ግን እሱን ይዤ ማኅበሩ ፊት እቆማለሁ፣ እውነቱን ተናግሬ ላንቺ እልከዋለሁ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ስለዚህ አምና ያገለገለ ዲቴክተር ገዛሁ፤ ያ መሬት ውስጥ ብረት ሲያገኝ የሚጮኸው፣ እጀታው እንደ መወልወያ የሚረዝመው መሣሪያ። ይዤው ቀጥ ብዬ ፓርኩ ገባሁ። ገና ከማብራቴ ጠባቂው ደረሰብኝ።

«እማማ፣ ፈቃድ አለዎት?»

«የምን ፈቃድ? ሣራችሁን አላጭድ» አልኩት።

ሳቀ። ግን አልለቀቀኝም። ሣሩም መሬቱም የካውንስሉ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ ሳያስፈቅዱ እንኳን መቆፈር መሣሪያውን ማብራትም አይቻልም አለኝ። እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

እናትሽ ያላወቀችውን ነገር ካላነበበች እንቅልፍ አይወስዳትም። አንቺን ትምህርት ቤት አድርሼ በልጆች መጽሐፍ እንግሊዝኛ የለመድኩበት ላይብረሪ ሄጄ ተቀመጥኩ። ለካ በዚህ አገር ባለቤት የሌለው መሬት የለም። የዘውዱ ፓርኮች ጭራሽ አይፈቅዱም። የካውንስል ፓርክ እንደየካውንስሉ ነው፤ በጽሑፍ ካልሰጡሽ የለም። የቴምዝ ወንዝ ውኃ ሲሸሽ ብቅ የሚለው ጭቃ እንኳ የራሱ ፈቃድ አለው። በጥንታዊ ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ላይማ ወንጀል ነው። የሚቀረው የገበሬ ማሳ ነው፤ እሱም ባለቤቱ እሺ ሲል።

የቀረውን ያስተማረኝ ሚስተር ብራያን ነው፤ ጡረታ የወጣ የባስ ሾፌር። ላይብረሪው ሰሌዳ ላይ እሱ ያለበትን የባለ ዲቴክተሮች ክበብ ማስታወቂያ አይቼ ደወልኩለት። ኬንት ውስጥ የሚያውቀው ገበሬ ዘንድ ወስዶ አለማመደኝ። የተዘራበትን አትርገጪ፣ የአጥሩን በር እንዳገኘሽው አድርጊ፣ ሣሩን እንደ ክዳን አንስተሽ ስትጨርሺ መልሰሽ ክደኚ፣ ያወጣሽውን ቆሻሻ ጥለሽ አትሂጂ ይለኛል።

«ወርቅ ወይም ብር አግኝተሽ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ከሆነው በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳወቅ አለብሽ» አለኝ አንድ ቀን።

«የኔ የአማቴ መስቀል ነው።»

«እና?»

«አማቴ አርጅታ ነበር፤ ያን ያህል ግን አይደለም።»

እስኪያስለው ሳቀ። «እንዴት ጠፋ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን «ወደቀ» አልኩት። አንቺንም አባትሽንም ለማያውቅ ሰው እንኳ፣ ወደቀ።

ለካውንስሉ ጻፍኩ፤ ሚስተር ብራያን ቼክ አደረገልኝ። እንቢ አሉ። የሟች ባለቤቴ እናት መስቀል መሆኑን፣ ልጄ ክርስትና ስትነሳ የታሰረላት መሆኑን ጨምሬ ደግሜ ጻፍኩ። በመጨረሻ ለአንድ ጠዋት፣ ጠባቂው አጠገቤ ቆሞ፣ ከስንዝር በላይ ሳልቆፍር እንድፈልግ ተፈቀደልኝ። ጠዋቱ የዛሬው ነበር።

በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያካፋል። ሚስተር ብራያን መሣሪያውን ያወዛውዛል፣ እኔ ተንበርክኬ በመኮትኮቻ አፈሩን እከፍታለሁ። ሲጮህ ልቤ ይዘላል፤ የቢራ ቆርቆሮ ቀለበት ይወጣል። እንደገና ይጮሃል፤ የሱሪ ቁልፍ። በዚህ መሃል ውብነሽ የገበያ ጋሪዋን እየጎተተች መጣች።

«ተናኝዬ! ምነው፣ ፈንጂ ልታመክኚ ነው?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«በዚህ ብርድ ዝም ተብሎ? ያውም ከፈረንጅ ጋር!» ብራያንን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ባል ከሆነ ትንሽ ጎልመስ ያለ ነው፤ ግን ምንም አይል።»

«ኧረ ነውር ነው ውብነሽ! የዳናዊትን መስቀል እየፈለግሁ ነው።»

ፊቷ ተለወጠ። «በጥሳ የጣለችውን? እሷ የጣለችውን አንቺ በጉልበትሽ ጭቃ ላይ?» አለችና እንባዋ መጣ። አቀፈችኝ። «እንዳንቺ ያለች እናት አላየሁም።»

ዳንዬ፣ አፌን ከፈትኩ። «ውብነሽ፣ እሷ እኮ…» አልኩ።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ እናቴ፤ ልጅነት ነው» ብላ ጀርባዬን ዳበሰችኝ።

አፌን ዘጋሁ። እቅፏ ሞቆኝ ነበር። ለዚያ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እሷ ከሄደች በኋላ ጠባቂውን «እዚህ ጋ ነው የወደቀው» ብዬ በጣቴ አሳየሁት። ቦታውን አየና ዛፉን አየ። «እዚህ ጋማ…» አለ። «የዛፉን ዙሪያ አፈር እኮ ከጥቂት ዓመት በፊት ገፈው ወስደውታል። ይኼ ከሌላ ቦታ የመጣ አፈር ነው።»

«ያኛውን የት ወሰዱት?»

«በከባድ መኪና ሄደ። አንዱ መንገድ ሥር ይሆናላ፤ ማን ያውቃል?»

ሚስተር ብራያን መሣሪያውን አጠፋ። «አዝናለሁ፣ ሚስስ ተናኝ» ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። የከፈትነውን ደፍነን፣ ሣሩን መልሰን በእግራችን ጠቅጥቀን፣ ቆርቆሮውን በፌስታል ይዘን ወጣን።

እንግዲህ የምልክልሽ መስቀል የለም። አባትሽም የለም፤ አንቺ ይቅር ብትይኝ እንኳ ለሱ አይደርሰውም። ተመልሰሽ ትመጪያለሽ ብዬም አልጻፍኩም፤ እንደማትመጪ ልቤ ያውቀዋል። አባትሽ እንዳልጠላሽ እንድታውቂ ብቻ ነው። የጠላው እኔ የሠራሁትን ነው፤ ያንቺ መስሎት።

አድራሻሽ ያለው የውብነሽ ልጅ ቲጂ ጋ ነው። ለኔ እንዳትሰጥ ነግረሻታል፤ ልክ ነሽ። ስለዚህ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀቶቹን ለቲጂ አድርሺልኝ ብዬ ለእናቷ እሰጣለሁ። ፖስታውን አላሽገውም። ውብነሽ ያልታሸገ ደብዳቤ ሳታነብ እንደማታሳልፍ፣ ያነበበችውንም ማታውን ለማኅበሩ ሁሉ እንደምታዳርስ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ከዚያ በኋላ የሚያቅፈኝ አይኖርም። ይሁን።

አንቺንም ዐብዱንም፣ ቤታችሁንም፣ ከቤታችሁ የሚወጣውንም የሚገባውንም ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ልጅ ስትወልጂ አንገቱ ላይ የምታስሪለትን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እጄን አላስገባም።

እናትሽ
ተናኘወርቅ

ለዳናዊት መኩሪያ፤ በቅድሚያ ግን በወይዘሮ ውብነሽ እጅ።