ስልክ ያለው ቤት ኡኡ አይልም

ይድረስ ለሽፈራው፣ ለእኔው ሽፌ፦

መንፈቅህን ካወጣን ገና ሳምንት አልሞላም። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ጎረቤቱ ቀማምሶ ከተበተነ ወዲህ እኔ እኔን አልመስልም። ወጥ ውስጥ ጨው ሁለቴ እጨምራለሁ፣ በር ቆልፌ ቁልፉን በእጄ ይዤ እፈልገዋለሁ። የሰማሁትን ከአንተ ሌላ ለማን እነግራለሁ?

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ልጃችን ሜሮን የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወረወረችው፤ አሁን ስትስቅ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው። አሸንዳው ጀምረህ እንደተውከው እንደተንጠለጠለ ነው። ሰው ሊጨርሰው ቢመጣ እምቢ አልኩ። ለቡ ስትሠሩት የነበረው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ደርሷል አሉ፤ በአንተ ቦታ ፎርማን የሆነው ሥራ ያስተማርከው ከድር ነው።

ቅዳሜ ዕለት ከድር መጣ፤ ኮንትራክተሩ ሞባይሉን አምጣ ብሎት። ስልኩ ቡፌው ውስጥ ዳንቴል ልብሱን እንደለበሰ ነበር። ብርድ ይመታዋል እንዴ እያልክ የሳቅክብኝ ዳንቴል!

ለቡ የሽቦ ስልክ መስመር ስላልነበረ ኮንትራክተሩ ያን ስልክ የሰጠህ ቀን ትዝ ይልሃል? ግማሹ ጎፋ ሊያየው መጣ። የእትዬ ዘነበች ልጅ ምጥ የያዛት ቀን ደግሞ መስመር ፍለጋ የድንጋይ አጥሩ ላይ ወጥተህ አምቡላንስ ጠራህ፤ መጣም። እዚያው አጥሩ ላይ ቆመህ፣ እንደ ሹም ደረትህን ነፍተህ፣ ከእንግዲህ እኛ ሰፈር ኡኡታ ቀረ፣ ስልክ ያለው ቤት ኡኡ አይልም ብለህ አወጅክ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ዘነበች እንደ ተረት ለመጣው ለሄደው ይነግሩት ጀመር።

ከዚያ ያ እሑድ። ከቅዳሴ መልስ አሸንዳውን ላስተካክል ብለህ መሰላል ወጣህ። ደረቴን ጫነኝ ብለህ ወረድክና ግድግዳውን ተደግፈህ መሬት ላይ ቁጭ አልክ። ከንፈርህ አመድ መሰለ። ሮጬ ስልኩን ከኮትህ ኪስ አወጣሁ። እሑድ የእግዜር ነው፣ አለቃዬ አያገኘኝም ብለህ ስለምታጠፋው ሳበራው የሚስጥር ቁጥር ጠየቀኝ። አንተ ደግሞ የቤት ስልክ ላይ ጓጉንቸር ቁልፍ እንደሚያንጠለጥሉት ሰዎች መክፈቻውን ለሰው አትሰጥም፣ ለእኔም ጭምር። የተወለድክበትን ዓመት ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። የሜሮንን ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ስልኩን ወርውሬ ወደ በር ወጣሁና ኡኡ አልኩ።

ሰፈሩ መጣ፣ ሽፌ። ማንም አልቀረም። ግን ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። እትዬ ዘነበች ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። አንዱ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጣ፤ ከመንገዱ ማዶ የእድሩ ጡሩንባ ይሰማኛል። አልሞተም፣ መኪና ፈልጉ እያልኩ ጮህኩ። ሐዘን አናውዟት ነው ብለው ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘው አጽናኑኝ። ባሌ እየተነፈሰ አጽናኑኝ!

ያኔ ዓይንህን ገለጥክ። የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሁሉ ዞር ዞር ብለህ አየህና ማን ሞቶ ነው አልክ።

ልቅሶው ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ የሮጡትን ሩጫ መቼም አልረሳላቸውም፤ ታክሲ አቁመው፣ ነጭ ነጠላ በመስኮት እያውለበለቡ፣ ጡሩንባ እያስነፉ በረሩ። ሐኪም ቤቱ በር ስንደርስ ግን እጅህ እጄን መያዝ ትቶ ነበር።

ጊዜው ደርሶ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር እኮ። እስከ ቅዳሜ። ከድር ስልኩን ኤሌክትሪክ ላይ ሰክቶ ሲያበራው ያው የሚስጥር ቁጥሩን ጠየቀ። አይከፈትም፣ አትልፋ አልኩት። እሱ ምንም ሳይከፍት አጭሩን የአደጋ ቁጥር ነካካ። ጠራ። አንድ ሰው አነሳና አቤት አለ።

አቤት! ያን ቀን ስጮህ የጠበቅኩትን ቃል አንድ የማላውቀው ሰው ከዚያ ዕቃ ውስጥ አለው። ከድር ይቅርታ ጠይቆ ዘጋው። የተቆለፈ ስልክም የአደጋ ቁጥር አይከለክልም፣ የሕንፃው ኢንጂነር ያሳየን ቀን ጋሽ ሽፈራውም ነበሩ አለኝ። ነበርክ? አውቀህ ነው ያልነገርከኝ? ተናደድኩብህ ሽፌ፤ አፈር ለብሶ በተኛ ሰው መናደድ ነውር ነው ይላሉ፣ እኔ ግን ተናደድኩ።

በነጠላ ጫማ እንዳለሁ እትዬ ዘነበች ቤት ሮጥኩ። ታሞ እንደሆነ እንዴት አልጠረጠራችሁም ብዬ ጠየቅኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ልጄ፣ ታሞ ቢሆን ትደውላለች ብለን ነው አሉ። ስልክ ያለው ቤት ኡኡ ካለማ ነገሩ አልቋል ብለን ነው።

ደጃቸው ላይ ተቀመጥኩ። ቀልድህን አምነው፣ አክብረውህ፣ በሕይወት እያለህ አለቀሱልህ። ማንን ልክሰስ? የቸኮሉትም ለአንተ ብለው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ከቤት አልወጡም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ዛሬ ግን ይህን ጽፌ ስጨርስ እሄዳለሁ። እሳቸውም እንደ እኔ እንቅልፍ አጥተዋል።

የእድሩ ስብሰባ ሲደርስም ቆሜ እናገራለሁ። ስልክ ቢቆለፍም እንደሚደወል፣ ነጠላ ከማዘቅዘቅ በፊት ትንፋሽ እንደሚታይ። ስምህንም አነሳለሁ፤ እኔ በቆምኩበት ሰፈር አንተ አትረሳም። ሜሮንም ስታድግ አጥር ላይ ወጥተህ ለሰው የደወልክበትን ቀን እነግራታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶብኛል። ያን ቀን ማን ሞቶ ነው ብለህ ጠይቀህ የመለሰልህ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም አፍረን መሬት መሬት አየን። እኔ ልመልስልህ።

ማንም፣ ሽፌ። ያኔ ገና ማንም አልሞተም ነበር።

የአንተው አስቴር