ያልሰማሁት ሞተር

ኅዳር 14 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ኢዲዶ

ቡናውን በቀን አራት ጊዜ አገላብጣለሁ ብዬ በእጄ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ የቡና አሠልጣኛችን ታሪኩ አላስገደደኝም። ሌላ ጊዜ ሲመጣ የሞተር ብስክሌቱ ድምፅ ከዳገቱ ማዶ ይሰማኛል። ዛሬ ተበላሽቶበት በእግሩ መጣና ጥላ ሥር ቁጭ ባልኩበት ደረሰብኝ። በማድረቂያው አልጋ ላይ ያለው ቡና ከትናንት ጀምሮ አልተነካም። አልተቆጣኝም። እጁን ከሥር ሰዶ አንድ እፍኝ አወጣና ሰጠኝ። ሻግቷል።

«እትዬ ብርቄ፣ እኔ በማልመጣበት ቀን ማን ያገላብጠዋል?» አለኝ።

«ሞተርህን መች ሰማሁና!» ከአፌ አመለጠኝ።

እኔ አፈርኩ፤ ደግሞም ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ እንጃ። የሻገተውን ለቅሜ ጣልኩ። እሱ ከሄደ ወዲህ ሦስት ጊዜ አገላብጫለሁ። ጆሮዬ ግን አሁንም መንገዱ ላይ ነው።