ደኑን ለሣር የከፈትኩት እኔ ነኝ

ሰኞ

እሺ አልኩ። የመንደሩ ሰዎች ስንት ጊዜ ሲለምኑኝ ከርመው ዛሬ እሺ አልኳቸው። ረቡዕ አንድ ቀን ብቻ የመንግሥቱ ደን ውስጥ ገብተው ሣር ያጭዳሉ፤ ከብት አይገባም። ጠባቂዋ እኔ፣ ፈቃጇም እኔ። ምን ላድርግ? የግጦሹ መሬት ሁሉ ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ተተክሎበት የከሰል ማክሰያ ሆኗል፤ ከብቶቻቸው አጥንታቸው ወጥቷል። ሽማግሌው አያ ስመኝ «አንቺም እኮ ላም አለሽ፣ ልጄ» ሲሉኝ አንጀቴን በሉት።

የጨነቀኝ ዝግባዎቹ ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያሳደግኳቸው ችግኞች ገና ከሣሩ አይበልጡም። እንዳይታጨዱ በየአጠገባቸው ደረቅ ችካል ተክያለሁ። ዓርብ ኮሚቴ ከእንጅባራ መጥቶ ያያቸዋል። ከጸደቁ ደኑ ደን ሆኖ ይቀጥላል። ካልጸደቁ ተመንጥሮ ለከሰል ይሰጣል።

ማክሰኞ

ዳንግላ ለቅሶ ደርሼ መጣሁ። ሚኒባስ ጠፍቶ ስጉላላ ዋልኩ፤ ወገቤን ቆርጦኛል። ችካሎቹን ነገ በጠዋት አያለሁ።

ረቡዕ

ምነው ትናንት እግሬን ሰብሮ ባስቀረኝ!

ስደርስ ጎህ ሲቀድ ገብተው ግማሹን ጨርሰውታል። በወንፈል ተሰልፈው፣ እየዘፈኑ ያጭዳሉ። ደስ ብሎኝ ቆሜ አየሁ፤ ጅል! አንዷ ሸክሟን ስታስር ከሣሩ መሃል የዝግባ ቅጠል አየሁ። ፈታሁት። የሌላዋንም ፈታሁ። በሁሉም አለ።

«ችካሉን አላያችሁም?» ብዬ ጮህኩ።

«የምን ችካል?»

ለካ ትናንት ሴቶቹ ማገዶ ሲለቅሙ ነቅለው ወስደውታል። ደረቅ እንጨት መልቀም ይቻላል ብዬ የፈቀድኩት እኔው። ማንን ልክሰስ?

ሐሙስ

በእንብርክኬ ስፈልግ ዋልኩ። አራት። ከዚያ ሁሉ አራት ቀረ። ለደን ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ልደውል ስል ኔትወርክ የለም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

አያ ስመኝ ቤቴ መጡ። ቀና ብለው አላዩኝም። «እኛው አጠፋን፣ እኛው እናበጀዋለን» አሉ።

«አያ፣ የታጨደ ዝግባ አይቀጠልም፤ እንዴት አድርገው ሊያበጁት?»

በትራቸውን አንሥተው ሄዱ።

ዓርብ

ስደርስ መንደሩ በሙሉ ደኑ ውስጥ ነው። ያጨዱትን ሣር በትነው፣ የተቆረጠውን ዝግባ አንድ በአንድ ለቅመው፣ መሬት ላይ እየሰኩ ነው። ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። ተዉ ማለት ነበረብኝ።

ኮሚቴው ረፋዱ ላይ ደረሰ። ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ጎንበስ ብሎ የነካ ግን የለም። ኃላፊው «ጎበዝ! ሥራ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ ጨበጠኝ። ደኑ ይቀጥላል ተባለ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ቅዳሜ

ኃላፊው ደወለ። በሚቀጥለው ሳምንት የዞን እንግዶች ይዞ ይመጣል፤ «ያንቺን ዝግባ ላሳያቸው» ይለኛል። ይምጡ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ጫፍ ጫፋቸው መጠውለግ ጀምሯል። ሥር እንደሌላቸው እኔ ካላወቅሁ ማን ይወቅ? ግን ጀሪካን ተሸክሜ ከወንዝ ስመላለስ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ውኃ ሳጠጣ ዋልኩ።